ሬድዮናችን ማታ ማታ ለምን ዐረብኛ ያወራል? ጎረቤት አገራት የኤኤም ሞገድ የሚካፈሉበት መንገድ

ዛሬ የያዝነው ብዙ ሰው የሚጠይቀው፣ መልሱን ግን የሚያብራራለት ያላገኘ ጉዳይ ነው። ቀን ቀን ጥርት ብሎ የሚሰማ የአማርኛ ሥርጭት ማታ ሲሆን ለምን ይንሿሿል? ለምንስ በመሃሉ ዐረብኛ ይገባበታል? "ሱዳኖች ሞገዳችንን ወሰዱት" የሚል አለ፣ "ሬድዮኔ ተበላሸ" ብሎ ወደ ጠጋኝ የሚሄድ አለ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ሁለቱም አይደለም። ነገሩ የሰማይም የዲፕሎማሲም ጉዳይ ነው። ቀስ ብለን እናየዋለን። ዓመቶቹ "እ.ኤ.አ." ካልተባሉ በስተቀር በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

በአጭሩ

• ኤኤም የምንለው መካከለኛ ሞገድ (በብዙ ሬድዮ ላይ "ኤምደብሊው" ተብሎ የተጻፈው) ማታ ድንበር ይሻገራል። ማንም አያቆመውም።
• ስለዚህ አገራት ማን፣ የት፣ በምን ያህል ኃይል እንደሚያሠራጭ በጋራ ተስማምተው ጽፈዋል። ለአፍሪካ፣ ለአውሮፓና ለእስያ ዋናው ውል ጄኔቭ ላይ እ.ኤ.አ. በ1975 የተፈረመው ነው።
• ውሉን የሚያስተዳድረው ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት (አይቲዩ) ነው። ኢትዮጵያ የዚህ ኅብረት አባል የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1932 ነው።
• ኅብረቱ ፖሊስ የለውም። ውሉ የሚሠራው አገራት ሲጻጻፉና ሲከራከሩ ነው። ዝም ያለ ይጎዳል።

ነገሩ ከሰማይ ይጀምራል

የመካከለኛ ሞገድ ጣቢያ ሲያሠራጭ ድምፁ በሁለት መንገድ ይሄዳል። አንዱ መሬት መሬቱን ይዞ የሚጓዘው የምድር ሞገድ ነው። ይህ እንደ ጣቢያው ኃይልና እንደ አፈሩ ዓይነት መቶ፣ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ሊሄድ ይችላል። እርጥብና ሜዳማ መሬት ይስማማዋል፤ ድንጋያማ ተራራ ያዳክመዋል። የሰሜን ተራሮቻችን ለዚህ ሞገድ አይመቹትም።

ሌላው ወደ ላይ የሚወጣው የሰማይ ሞገድ ነው። ከምድር ከ60 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ፀሐይ የምትፈጥረው አንድ ንብርብር አለ። ቀን ቀን ይህ ንብርብር ወደ ላይ የወጣውን ሞገድ ውጦ ያስቀረዋል። ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ንብርብሩ ይጠፋል። ያኔ ሞገዱ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ገደማና ከዚያ በላይ ካሉት ንብርብሮች ጋር ተጋጭቶ ወደ ምድር ይመለሳል፤ የሚያርፈውም ከተነሣበት ብዙ መቶ፣ አንዳንዴም ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ነው።

ለዚህ ነው ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ሬድዮው በድንገት በሰው የሚሞላው። ቀን ባዶ የነበረው ቦታ ሁሉ ጣቢያ ይሆናል። የእናንተ ሬድዮ አልተበላሸም፤ ጣራው ተከፍቶ ነው።

ለእንፍራንዝ ጎረቤት ማነው?

ካርታ አውጡና እንፍራንዝ ላይ ጣታችሁን አድርጉ። በባሕር ዳርና በጎንደር መንገድ ላይ፣ ከጣና በስተምሥራቅ ያለችው፣ በጉዛራ ቤተ መንግሥት የምትታወቀው ከተማ ማለታችን ነው። ከዚያ በአየር ቀጥታ ርቀቱን ለኩ፦

• ባሕር ዳር፦ ወደ 70 ኪሎ ሜትር
• መተማ (የሱዳን ድንበር)፦ ወደ 190 ኪሎ ሜትር
• አዲስ አበባ፦ ወደ 370 ኪሎ ሜትር
• አስመራ፦ ወደ 375 ኪሎ ሜትር
• ጅቡቲ፦ ወደ 600 ኪሎ ሜትር
• ካርቱም፦ ወደ 670 ኪሎ ሜትር

አያችሁት? ለሬድዮ ሞገድ አዲስ አበባና አስመራ ከእንፍራንዝ እኩል ይርቃሉ። መኪና አይደለም፣ ኬላ የለውም። ማታ ላይ ለእንፍራንዝ ሬድዮ ካርቱም ጎረቤት ነው፣ ቀይ ባሕር ማዶ ያለው የሳዑዲ ጣቢያም እንዲሁ ጎረቤት ነው።

አሁን በዚህ አካባቢ የሚታወቁትን የመካከለኛ ሞገድ ቁጥሮች እንይ። የአማራ ሬድዮ 801 ኪሎ ኸርዝ። የኢትዮጵያ ሬድዮ ከአዲስ አበባ አቅራቢያ 873፣ ከሐረር 855፣ ከመቱ 684። ሬድዮ ፋና 1080። የኤርትራው ድምፂ ሓፋሽ 837 እና 945። የሱዳን ሬድዮ 1296። ከጅቡቲ ደግሞ አሜሪካኖች ሬድዮ ሳዋ የተባለውን የዐረብኛ ጣቢያ በ1431 ኪሎ ኸርዝ፣ በ600 ኪሎ ዋት ኃይል ሲያሠራጩ ኖረዋል። የግብፅ አጠቃላይ ፕሮግራም 819 ላይ ነው።

እነዚህን ቁጥሮች ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። አንድ ሚስጥር አላቸው።

ዘጠኝ ዘጠኝ እያሉ መከፋፈል

የእያንዳንዱን ቁጥር አኃዞች ደምሩ። 801፦ 8 ሲደመር 0 ሲደመር 1፣ ዘጠኝ። 873፦ አሥራ ስምንት። 945፦ አሥራ ስምንት። 1296፦ አሥራ ስምንት። 1431፦ ዘጠኝ። ሁሉም ለዘጠኝ ያለ ቀሪ ይካፈላሉ። የእኛም፣ የአስመራም፣ የካርቱምም፣ የካይሮም።

ይህ አጋጣሚ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1974 እና በ1975 ጄኔቭ ላይ በሁለት ዙር የተካሄደ ጉባኤ ያመጣው ነው። በዚያ ጉባኤ የአፍሪካ፣ የአውሮፓ፣ የእስያና የኦሽንያ አገራት መካከለኛውን ሞገድ ከ531 እስከ 1602 ኪሎ ኸርዝ ድረስ በ9 ኪሎ ኸርዝ ልዩነት ከፋፈሉት። ቆጥሩት፣ 120 ቦታ ይወጣዋል። ውሉ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. ኅዳር 23 ቀን 1978 ነው። በዚያች ሌሊት ብዙ ጣቢያዎች አንድ ወይም ሁለት ኪሎ ኸርዝ ፈቀቅ አሉ። ለምሳሌ ቢቢሲ እንግሊዝ ውስጥ ከ908 ወደ 909፣ ከ1214 ወደ 1215 ሄዷል።

"አንድ ኪሎ ኸርዝ ምን ያደርጋል?" ትሉ ይሆናል። ብዙ ያደርጋል። ሁለት ጣቢያዎች በጣም ተቀራርበው ግን ሳይገጥሙ ሲቀሩ የድምፃቸው ልዩነት እንደ ፉጨት ይሰማል። አንዱ 908 ሌላው 909 ቢሆን የ1 ኪሎ ኸርዝ ፉጨት ሌሊቱን ሙሉ ጆሮ ይበላል። ሁለቱም ልክ 909 ላይ ከቆሙ ግን ፉጨቱ ይጠፋል፣ ደካማው ከኃይለኛው ሥር ይሆናል። ስለዚህ ሁሉም በአንድ መሰላል ላይ እንዲቆም ተደረገ።

የዘጠኙ ክፍፍል ዋጋም አለው። ቦታው ጠባብ ስለሆነ ጣቢያው ቀጭኑን ድምፅ ቆርጦ ይጥላል። ኤኤም ላይ ንግግር ደህና ሆኖ ዘፈን የታፈነ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው። ብዙ ሰው እንዲገባ ተብሎ ክፍሉ ጠበበ ማለት ነው።

ሰሜንና ደቡብ አሜሪካ ውስጥ ክፍፍሉ በ10 ኪሎ ኸርዝ ነው። ከዚያ የሚመጡ ዲጂታል ሬድዮኖች እዚህ ጣቢያ አልይዝ የሚሉት አንዳንዴ ለዚህ ነው፤ ባለ 9 እና ባለ 10 መቀያየሪያ ካላቸው ወደ 9 ማዞር ያስፈልጋል። ዘመድ ከውጭ ሬድዮ ይዞላችሁ ቢመጣ ከመጣላችሁ በፊት ይህንን ፈትሹ።

አንድ ቦታ፣ ብዙ ባለቤት

120 ቦታ ለሦስት አህጉር አይበቃም። ስለዚህ አንድ ቁጥር ለአንድ አገር ብቻ አይሰጥም። የኢትዮጵያ 873 ለምሳሌ ለብዙ ዓመታት የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ሬድዮ ከፍራንክፈርት፣ ጀርመን የሚያሠራጭበትም ቁጥር ነበር። የሱዳን 1296 ደግሞ የቢቢሲ የኦርፎርድነስ ማሠራጫ ቁጥርም ነበር። ሁለቱም አልተጣሉም፤ ርቀቱ ይበቃቸዋል።

ታዲያ "ርቀቱ ይበቃል" የሚባለው በምን ይለካል? ባለሙያዎቹ የሚጠቀሙበት መለኪያ አለ። በአንድ ቁጥር ላይ ሁለት ጣቢያዎች ካሉ፣ አድማጩ ቤት ሲደርስ የሚፈለገው ጣቢያ ከሚረብሸው በ30 ዴሲቤል መብለጥ አለበት። በቀላሉ ስናስቀምጠው በኃይል አንድ ሺህ እጥፍ መብለጥ ማለት ነው። ለጎረቤት ቁጥር (ለምሳሌ 801 እና 810) የሚጠየቀው ልዩነት ከዚህ በጣም ያነሰ ነው።

ይህንን ለማሟላት ውሉ ላይ ከቁጥሩ ጋር ሌሎች ነገሮችም ተጽፈዋል፦

• ማሠራጫው የቆመበት ቦታ (በኬንትሮስና በኬክሮስ)
• ኃይሉ በኪሎ ዋት
• አንቴናው ወደ ሁሉም አቅጣጫ ነው ወይስ ወደ አንድ ወገን የተመራ
• ቀን ብቻ ነው ወይስ ሌሊትም

ስለዚህ አንድ አገር "801 የእኔ ነው" ሲል "በዚህ ቦታ፣ በዚህ ኃይል፣ በዚህ አቅጣጫ 801 የእኔ ነው" ማለቱ ነው። ማሠራጫውን ወደ ድንበር ቢያስጠጋው ወይም ኃይሉን እጥፍ ቢያደርገው ሌላ ጣቢያ ሆነ ማለት ነው፤ እንደ አዲስ መጠየቅ አለበት።

ለትንንሽ ጣቢያዎችም የተተወ ቦታ አለ። 1485፣ 1584 እና 1602 ኪሎ ኸርዝ አነስተኛ ኃይል ላላቸው የአካባቢ ጣቢያዎች የተለዩ ናቸው። አንድ ኪሎ ዋትና ከዚያ በታች የሆነ የአንድ ወረዳ ጣቢያ ብዙ ሳይጨቃጨቅ የሚገባባቸው በሮች እነዚህ ናቸው።

ሌላም ለእኛ የሚጠቅም ነገር አለ። የምድር ወገብ አካባቢ መብረቅና ነጎድጓድ ስለሚበዛ በመካከለኛ ሞገድ ላይ የሚሰማው የተፈጥሮ ጫጫታ ከአውሮፓ የከፋ ነው። ክረምት ላይ ሬድዮ የሰማ ሰው የመብረቁን ጠጠጠ ያውቀዋል። ውሉ ይህንን ግምት ውስጥ አስገብቶ ለሞቃታማው ቀጠና ጠንከር ያለ ሥርጭት ያስፈልገዋል ብሎ ይነሣል። አዲስ አበባ 100 ኪሎ ዋት የምትጠቀመው ለድሎት አይደለም።

አንድ አገር አዲስ ጣቢያ ሲፈልግ ምን ያደርጋል?

እንበልና ሱዳን ገዳሪፍ ላይ አዲስ የመካከለኛ ሞገድ ማሠራጫ ልትተክል ፈለገች። ወይም ኢትዮጵያ ጎንደር ላይ። መንገዱ አንድ ነው።

አንደኛ፣ የአገሩ የሞገድ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሰንጠረዡን አይቶ የሚሆን ቁጥር ይፈልጋል። በእኛ አገር የሬድዮ ሞገድ ጉዳይ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1148 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የጣቢያውን የብሮድካስት ፈቃድ የሚሰጠው ደግሞ የመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ነው። ሁለቱን ማምታታት የተለመደ ነው፤ አንዱ ስለ ሞገዱ፣ ሌላው ስለ ሚዲያው።

ሁለተኛ፣ አዲሱ ጣቢያ ሊረብሻቸው የሚችሉ አገራት እነማን እንደሆኑ በስሌት ይለያሉ። ማታ ላይ ሞገዱ የት የት እንደሚያርፍ ይሰላል።

ሦስተኛ፣ ለእነዚህ አገራት ደብዳቤ ይጻፋል። "በዚህ ቦታ በዚህ ኃይል ልናሠራጭ ነው፣ ይስማማችኋል?" ይባላል።

አራተኛ፣ ጄኔቭ ላለው የኅብረቱ የሬድዮ ቢሮ ይላካል። ቢሮው መርምሮ አባል አገራት ሁሉ በሚደርሳቸው ወቅታዊ የሞገድ መረጃ ላይ ያወጣዋል።

አምስተኛ፣ የጊዜ ገደብ ይጠበቃል። "ይጎዳናል" የሚል አገር በዚያ ጊዜ ውስጥ ይጽፋል። ከዚያ ድርድር ነው። ኃይሉን ቀንስ፣ አንቴናህን ወደዚያ አዙር፣ ማታ ዝጋ፣ ወይም ሌላ ቁጥር ፈልግ።

ስድስተኛ፣ ከተስማሙ ጣቢያው በሰንጠረዡ ላይ ይገባና በዓለም አቀፉ ዋና መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሌላ ጣቢያ እሱን የመጠበቅ ግዴታ አለበት።

ዝም ማለት መስማማት ነው

ከላይ ካሉት ደረጃዎች አምስተኛውን ደግማችሁ አንብቡት። ዋናው ነገር እዚያ ላይ ነው።

በዚህ ውል ሥርዓት መሠረት በተሰጠው ጊዜ ውስጥ መልስ ያልሰጠ አገር እንደተስማማ ይቆጠራል። "አላየነውም"፣ "ደብዳቤው ቢሮ ውስጥ ተቀብሮ ነበር"፣ "ኃላፊው ተቀይሮ ነበር" አይሠራም። ጎረቤት አገር ኃይለኛ ጣቢያ ሲጠይቅ የእኛ መሥሪያ ቤት ካልመለሰ፣ ከዚያ በኋላ በምዕራብ ጎንደር፣ በቋራ፣ በመተማ ያለ አድማጭ ማታ ማታ ቢቸገርም ቅሬታው ደካማ ይሆናል።

ተገላቢጦሹም እውነት ነው። የአገር መብት የሚጠበቀው በሰንጠረዡ ላይ የተጻፈውን ያህል ነው። ጣቢያውን ሳያስመዘግብ ኃይሉን ወይም ቦታውን የቀየረ አገር፣ ሌላው ሲረብሸው የሚያሳየው ወረቀት የለውም።

ያው በመሬት እንደምናውቀው ነው። ወሰን ሲለካ ያልተገኘ ባለ ይዞታ በኋላ ምስክር ፍለጋ ይዞራል።

ውሉ የሚያንስበት ቦታ

ውሉ ጥሩ ነው ስንል ሁሉንም ይፈታል ማለታችን አይደለም። ቢያንስ አራት ቦታ ላይ ይንገዳገዳል።

አንደኛው ኃይል ነው። የዓለም አቀፉ የሬድዮ ደንብ አንድ ግልጽ መርህ አለው። ከ5060 ኪሎ ኸርዝ በታች የሚያሠራጩ ጣቢያዎች፣ ከአንዲት ትንሽ ክፍል በስተቀር፣ በአገራቸው ወሰን ውስጥ ጥራት ያለው አገልግሎት ለመስጠት ከሚበቃው በላይ ኃይል መጠቀም የለባቸውም ይላል። "በመርህ ደረጃ" የምትል ቃል ግን አለችበት። ጅቡቲን የሚያህል አገር ለመሸፈን 600 ኪሎ ዋት አያስፈልግም። ሳዑዲ ዓረቢያ ዱባ ላይ ያላት 1521 ኪሎ ኸርዝም እስከ 2000 ኪሎ ዋት የሚነገርለት ነው። እነዚህ ለአገር ውስጥ ብቻ እንዳልሆኑ ሁሉም ያውቃል። በድርድር ከተመዘገቡ ግን ውል ጣሱ ማለት አይቻልም።

ሁለተኛው ሆን ብሎ ማፈን ነው። የሌላውን ሥርጭት በጫጫታ መሸፈን በዓለም አቀፍ ደንብ የተከለከለ ነው፤ ጎጂ መረበሽ ይባላል። በእኛ ቀጠና ግን የቆየ ነገር ነው። ከኢትዮ ኤርትራ ጦርነት በኋላ በአጭር ሞገድ የድምፂ ሓፋሽ ሥርጭት በጫጫታ ሲሸፈን ቆይቷል፤ የአውሮፓና የአፍሪካ አማተር የሬድዮ ማኅበራት ተከታታዮች ከ7100 ኪሎ ኸርዝ በላይ ባለው የአማተሮች ክልል ውስጥ የኤርትራን ሥርጭትና ከኢትዮጵያ የሚነሣውን ማፈኛ በየጊዜው ሲመዘግቡ ነበር። ሁለቱም በዚያ ክልል መገኘት አልነበረባቸውም። መጋቢት 2002 ዓ.ም. ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ክፍል ከሩዋንዳው ሚል ኮሊን ሬድዮ ጋር አነጻጽረው፣ መንግሥታቸው የማፈን አቅም ሲገነባ መቆየቱን በጋዜጣዊ መግለጫ ተናግረዋል። እንዲህ ያለ ነገር ሲኖር ችግሩ የቴክኒክ አይደለም፣ የፖለቲካ ነው። ኅብረቱ ደብዳቤ ከመጻፍና ከማሳሰብ በላይ የሚያደርገው ብዙ የለም።

ሦስተኛው አዲስ አገር ነው። ውሉ ሲፈረም አስመራ በኢትዮጵያ ሥር ነበረች፣ ጁባ በሱዳን። ኤርትራ እ.ኤ.አ. በ1993፣ ደቡብ ሱዳን በ2011 ነፃ አገር ሆኑ። ሞገድ ግን በቦታ የተጻፈ ስለሆነ ማማው ከቦታው አይነቃነቅም፤ የሚቀየረው የሚጠይቅለት መንግሥት ነው። ዕውቅና ያላገኘ አስተዳደር፣ ለምሳሌ ሐርጌሳ ያለው፣ በኅብረቱ ውስጥ የራሱ ወንበር የለውም።

አራተኛው ከስብሰባው ውጭ የቀረ ጎረቤት ነው። ለዚህ ከሩቅ አገር አንድ ታሪክ እናምጣ። እ.ኤ.አ. በ1924 አሜሪካና ካናዳ የመካከለኛ ሞገድ ቦታዎችን ተስማምተው ሲከፋፈሉ ሜክሲኮን አልጠሯትም። ምን ሆነ መሰላችሁ? ጆን ብሪንክሊ የሚባል፣ የፍየል ቆለጥ ለሰው እየተከልኩ ወንድነት እመልሳለሁ የሚል "ሐኪም" አሜሪካ ውስጥ ፈቃዱን ሲነጠቅ ድንበሩን ተሻግሮ ሜክሲኮ ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ1931 ድንበሩ ላይ ባለች ከተማ ጣቢያ ከፈተ። ኃይሉ በኋላ 500 ኪሎ ዋት ደረሰና አብዛኛው አሜሪካ ማታ ማታ እሱን ይሰማ ጀመር። የሜክሲኮ መንግሥት ለማስቆም የሚያቻኩለው ነገር አልነበረም፤ ውሉ ውስጥ የለበትማ! መፍትሔው የመጣው እ.ኤ.አ. በ1937 ሐቫና ላይ ሜክሲኮም ድርሻዋን አግኝታ ስትፈርም ነው። ክፍፍሉ እ.ኤ.አ. በ1941 ሥራ ላይ ሲውል በመቶዎች የሚቆጠሩ ጣቢያዎች ቁጥር ቀየሩ። ድርሻ ያልተሰጠው ጎረቤት ሰላም አይሰጥም።

ጎረቤት ዝም ሲል ቦታው ለማን ነው?

ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሣ ኦምዱርማን ያለው የሬድዮና ቴሌቪዥን ዋና ሕንፃ ወዲያው በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ እጅ ገባ። የሱዳን ጦር ያስመለሰው መጋቢት 2016 ዓ.ም. ነው። ቢቢሲ ጦርነቱ በተነሣ ሰሞን ለሱዳናውያን በአጭር ሞገድ የአስቸኳይ ጊዜ የዐረብኛ ሥርጭት ከፍቶ ነበር።

አንዳንድ ሰው "ጎረቤት ከተዘጋ ቁጥሩን ለምን አንወስደውም?" ይላል። አይወሰድም። ጣቢያ ስለጠፋ መብቱ አይጠፋም። መብቱ የሚነሣው ባለቤት አገሩ ራሱ ሲተወው ወይም በሥርዓቱ ሲሰረዝ ነው። ጦርነት ያፈረሰውን ማሠራጫ አገሩ መልሶ ሲተክል ቦታውን ያገኘዋል። ነገ በእኛ ላይ ቢደርስ እኛንም የሚጠብቀን ይኸው ደንብ ነው።

አውሮፓም ውስጥ ተመሳሳይ ነገር እየሆነ ነው፤ ምክንያቱ ግን ጦርነት አይደለም። ጀርመንና ፈረንሳይን የመሳሰሉ አገራት የመካከለኛ ሞገድ ጣቢያዎቻቸውን በአብዛኛው ዘግተዋል። የመብራት ወጪው ከባድ ነው፣ አድማጩም ወደ ኤፍኤምና ወደ ኢንተርኔት ሄዷል። በዚህ የተነሣ ማታ ከሩቅ የሚመጣው ጫጫታ ከቀድሞው ቀንሷል። ጎረቤቶቻችን ግን አሁንም አሉ።

ኤፍኤም እና አጭር ሞገድስ?

ኤፍኤም ሌላ ውል አለው። እ.ኤ.አ. በ1984 ጄኔቭ ላይ የተፈረመ ሲሆን ከ87.5 እስከ 108 ሜጋ ኸርዝ ያለውን ይመለከታል። የኤፍኤም ሞገድ በአብዛኛው ዓይን እስከሚደርስበት ስለሚሄድ ጠቡ ድንበር አካባቢ ብቻ ነው። መተማና ገላባት ላይ ያሉ ጣቢያዎች መነጋገር አለባቸው፤ እንፍራንዝ ላይ ያለ ትንሽ ኤፍኤም ግን ካርቱምን አይረብሽም።

አጭር ሞገድ ደግሞ ሰፊ ዓለም ነው። የአማራ ሬድዮ ሲያሠራጭበት የቆየው 6090 ኪሎ ኸርዝ ከዚህ ወገን ነው። እዚህ ቋሚ ድርሻ የለም፤ ጣቢያዎች በዓመት ሁለት ጊዜ ፕሮግራማቸውን አቅርበው ግጭት እንዳይኖር ይነጋገራሉ። ስለዚህ የአጭር ሞገድ ጣቢያ ቁጥር ቀየረ ሲባል አትደንግጡ፤ የተለመደ ነው።

ይህ ሁሉ ምን ይመለከተናል?

ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ገደማ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር የምታውቁት ነው። ያኔ ይህ ገጽም ሆነ ሌላው ገጽ በአካባቢው ላለ ሰው አይከፈትም ነበር። መብራት በሌለበት፣ ኔትወርክ በሌለበት፣ የኤፍኤም ማማ ከተራራ ጀርባ በሚቀርበት ቀበሌ የሚሠራው ባትሪ ድንጋይ የገባበት ሬድዮ ነው። ኤኤምና አጭር ሞገድ ጊዜ አልፎባቸዋል የሚል ሰው ከተማ ውስጥ ሆኖ ነው የሚያወራው።

ስለዚህ ሞገድ እንደ ውኃና እንደ መሬት የጋራ ሀብት ነው። ዓባይ ላይ ስንት ዓመት እንደተከራከርን እናውቃለን፤ በሰማይ ያለው ክፍፍል ግን ማንም ሳያየው በደብዳቤ ይካሄዳል። ደብዳቤውን በጊዜው የሚመልስ ባለሙያ መኖሩ፣ ጣቢያዎቻችን በትክክል መመዝገባቸው፣ የራሳችንም ጣቢያ የጎረቤትን አለማወኩ፣ ይህ ሁሉ የገጠሩ አድማጭ ጉዳይ ነው። የሌላውን የሚያፍን አገር የእኔ ታፈነ ብሎ ሲከስ የሚሰማው አይገኝም።

ተደጋግመው የሚመጡ ጥያቄዎች

ማታ 801 ላይ ሌላ ቋንቋ ሰማሁ። ሕገ ወጥ ነው?
ላይሆን ይችላል። በዚያው ቁጥር ላይ ከሩቅ የተመዘገበ ሌላ አገር ሊሆን ይችላል። የሰማይ ሞገድ በየሌሊቱ ይለዋወጣል።

ምን ላድርግ?
ሬድዮውን አዙሩት። የመካከለኛ ሞገድ አንቴና ውስጥ ያለው ጥቁር ዘንግ ነው፤ የሚጎተተው ብረት ለኤፍኤምና ለአጭር ሞገድ ነው። ሬድዮውን እንዳለ ቀስ እያላችሁ ስታዞሩት አንዱ ጣቢያ ይደክማል፣ ሌላው ይጎላል። ከአምፖል፣ ከቻርጀርና ከሶላር መቆጣጠሪያ አርቁት፤ ብዙው ጫጫታ ከዚያ ነው።

የማያቋርጥ ዥጉድ ዥጉድ ወይም የሞተር ዓይነት ድምፅ ቢሆንስ?
በየቀኑ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ጣቢያ ላይ ብቻ ከሆነ ማፈኛ ሊሆን ይችላል። በሁሉም ቁጥር ላይ ከሆነ ግን ከቤታችሁ ወይም ከጎረቤት ያለ ዕቃ ነው። መጀመሪያ መብራቱን አጥፍታችሁ በድንጋይ ሞክሩት።

ለማን ነው የሚነገረው?
ለጣቢያው ራሱ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቁጥሩን፣ የምትሰሙበትን ቦታና የገባውን ቋንቋ ጽፋችሁ ስጡ። ጣቢያው ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት፣ መሥሪያ ቤቱ ለጎረቤት አገር አቻው፣ ካልሆነም ለጄኔቭ የሚጽፈው እንዲህ ያለ ማስረጃ ሲይዝ ነው። "አይሰማም" ብቻ ማለት ለማንም አይጠቅምም።

እናንተ አካባቢ ማታ ማታ የትኛው ቁጥር ላይ ምን ይሰማል? ቦታውንና ሰዓቱን ጨምራችሁ ጻፉልን፤ የተሰበሰበውን በሠንጠረዥ አድርገን እናወጣዋለን። ለሬድዮ ወዳጆችም ሼር አድርጉት።